የጋሼ ፈይሳ ለስላሳ ፒን

ስልኩ ሲጠራ ሁለቱም እጆቼ ግራሶ በግራሶ ስለነበሩ በትንሿ ጣቴ ነው ያነሳሁት። የቡና መፈልፈያ ያላቸው የሁሩሙው ኦቦ ዱጋሳ ነበሩ።

«የመጨረሻዋ ሟች ፒን ትናንት ተሰበረች» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጡ። «ፈይሳም ካረፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። አልሰማሽም እንዴ ሰብሊ?»

አልሰማሁም። ቡሬ ላይ የራሴን የብየዳና የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ የመቱ ወሬ የሚደርሰኝ አርጅቶ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ፈይሳም ጉልበታቸው ሲደክም ዳሪሙ ገጠር፣ እህታቸው ዘንድ ገብተው ነበር። እዚያ ስልክ ለመደወል ኮረብታ መውጣት ያስፈልጋል። ኦቦ ዱጋሳ ሁለቱን መርዶ በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ፤ መጀመሪያ የፒኗን፣ ቀጥሎ የሰውየውን። ሌላ ሰው ቢሆን መርዶ እንዲህ ይነገራል ወይ ብዬ እቆጣ ነበር። ነገር ግን ጋሼ ፈይሳ ራሳቸው ቢጠየቁ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። እዚያው ቶርኖው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

ከዚያ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። እንባዬን በክንዴ ጠራርጌ፣ ለስላሳ ብረት መርጬ፣ አሥር ፒን አወጣሁ። በማግስቱ ማለዳ በሽቦ አስሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ሁሩሙ ለመሄድ መናኸሪያ ወረድኩ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ገባሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሞ ገባሁ። ረዳቱ፣ «እህቴ፣ መቀመጫው ይቆረቁራል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ምን ያድርግ፣ ይህን ዓመል ከማን እንደወረስኩት አያውቅ።

ሟች የምንላት ፒን የጣት ውፍረት ያላት፣ ወገቧ ላይ ዙሪያዋን ጎድጎድ ተደርጋ የተሠራች ናት። ጋሼ ፈይሳ የነኩት ማሽን፣ ወፍጮም ይሁን የቡና መፈልፈያ፣ ይህችን ፒን ሳያስገቡበት ከእጃቸው አይወጣም ነበር። ሞተሩን ሥራውን ከሚሠራው ብረት ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። አንዳች ነገር ማሽኑን ያነቀው እንደሆነ ፒኗ ጠቅ ብላ ወገቧ ላይ ትሰበራለች፤ ሞተሩ ባዶውን ይዞራል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ያነቀውን ነገር አውጥቶ፣ አዲስ ፒን ሰክቶ መቀጠል ነው።

«ማሽን ውስጥ አንድ የሚሞት ነገር መኖር አለበት» ይሉ ነበር። «የሚሞተውን አንቺ ካልመረጥሽለት እሱ ራሱ ይመርጣል።»

መቱ ውስጥ ለዚህች ፒን ያልቀለደ ሰው አልነበረም። ሌላው ባለሙያ የማይሰበር ሲሠራ ጋሼ ፈይሳ የሚሰበር ይሠራሉ ይባል ነበር። ደንበኛ እንዲመላለስላቸው ብለው ነው ያሉም ነበሩ። ፒኑን ግን በነፃ ነበር የሚሰጡት፤ ያውም እስከ ደጃፍ ድረስ አምጥተው።

እኔ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ እሳቸው ቤት በበያጅነት ስቀጠር ስልሳን ተሻግረው ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ መነጽራቸውን በጫማ ማሰሪያ ከአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሰው። መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። ምሳቸውን ሞርሳው አጠገብ ቆመው፣ አንድ እግራቸውን የብረት ክምር ላይ ሰቅለው ይበላሉ። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው ይቆማሉ። ቤተ ክርስቲያን ብቻ ማንም ለምን አትቀመጥም ስለማይላቸው እዚያ ደስ ብሏቸው ይውላሉ እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። እኔን ግን በጥድፊያዬ ቀኑን ሙሉ ሲገሥጹኝ ይውላሉ። «ሱታ፣ ኢንታላ ኮ! ሱታ!» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። ይህን የሚሉኝ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ ነው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎ አንዴ ቁጭ ይበሉና ያን ጊዜ እሰማዎታለሁ» እላቸዋለሁ።

«እኔ የምቀመጥበት ቀን ይመጣል» ብለው ወሬውን ይቀይራሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሩሙ ይሄዳሉ። ዝናብም ቢሆን፣ መንገድ ቢዘጋም፣ ቢያማቸውም አይቀሩም። የሚሄዱት ኦቦ ዱጋሳ ዘንድ ነው፤ የቡና መፈልፈያ ማሽናቸውን ለማየት። ገና በተቀጠርኩ ሰሞን አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ኦቦ ዱጋሳ ቀኝ እጃቸው ከአንጓው በታች የለም፤ ማሽን ነው የቆረጠው ሲባል ሰምቼ ስለነበር አልጠየቅሁም። ባለቤታቸው በርጩማ አምጥተው በሩ አጠገብ አስቀመጡ። ጋሼ ፈይሳ በርጩማዋን አልፈው ገቡ፣ ፒኗን ነካ ነካ አደረጉ፣ ማሽኑን አስነስተው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«እባክህ ቁጭ በል፣ ፈይሳ» አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

«መኪና ያመልጠኛል።»

መኪና እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ነበር። ግራ ገባኝ፤ ግን የሰውየው ጠባይ ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደዚያች ወደማፍርባት ጥፋቴ ልምጣ። ሚኒባሱ ጎሬን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ እሷን ነበር የማስበው።

እትዬ አስካለ መቱ ውስጥ ዳቦ ቤት ነበራቸው። ምድጃው የሚነደው በእንጨት ነው። እንጨቱን ለዓመታት የፈለጠላቸው ገመቹ የሚባል ጎልማሳ ሲሆን ወገቡ ተይዞ መጥረቢያ ማንሳት አቃተው። ሌላ ሰው ቢቀጥሩ የሚበረክት ጠፋ፤ ሁለት ሳምንት ይሠራና ወደ ቡና ለቀማው ይሄዳል። ምድጃው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ መንደድ ጀመረ። እትዬ አስካለ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ምድጃ ነው። ቤቱን ሊዘጉ ሲያስቡ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሳ በጨረታ ያወጣውን የእንጨት መፍለጫ ማሽን ገዙ። ማሽን ማለት እንኳ ይከብዳል። በጭነት መኪና መጥቶ እኛ ግቢ ሲራገፍ፣ ሞተሩ፣ ከባዱ መዘውርና እንደ ሰው ጭን የወፈረ የብረት ሽብልቅ ነበር ያለው። የጎደለው ካለው ይበዛል።

«ይሠራል፣ ጋሼ ፈይሳ?» አሉ እትዬ አስካለ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር።

«ይሠራል። ግን የጎደለውን እኛ ነን የምንወልድለት።»

ሥዕል የለው፣ መጽሐፍ የለው። ጋሼ ፈይሳ ለሦስት ቀን ማሽኑን እየዞሩ በጣታቸው ዳሰሱት። መዘውሩ ሲዞር ሽብልቁን ወደፊት የሚገፋና የሚመልስ ክንድ እንደነበረው ብረቱ ላይ ከቀረው ጠባሳ አወቁ። ክንዱን ከአሮጌ የከባድ መኪና ሻንሲ ቆርጠን በየድነው። ክንዱ የሚዞርበትን የነሐስ ቀለበት፣ ቡሽ የምንለውን፣ እንድሠራ ለእኔ ሰጡኝ። ከተሰበሩ የውሃ መክፈቻዎች የተጠራቀመ ነሐስ አቅልጠን አፈሰስን። እኔም ዘንጉ ላይ የቀረውን አሮጌ ቡሽ በካሊበር ለክቼ ልክ እሱን የሚያህል በግማሽ ቀን አውጥቼ በኩራት አቀረብኩ።

ዘንጉ ላይ አጠለቁት። ነቀነቁት። ቀጭ ቀጭ አለ።

«ጎሽ!» አሉኝ። «ያረጀ ነገር አዲስ አድርገሽ ሠርተሻል።»

አሮጌው ቡሽ ውስጡ ተበልቶ ሰፍቶ ኖሯል፤ እኔም መበላቱን ጭምር ነበር የቀዳሁት። ሥራውን ሊያይ የመጣው ገመቹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ቡሹን ልወረውረው ነበር።

«አሮጌውን አትጠይቂው» አሉ ጋሼ ፈይሳ፣ ከእጄ ቀስ አድርገው ተቀብለው። «እሱ መበላቱን ነው የሚነግርሽ። የሚገባበትን ቦታ ጠይቂ። ሱታ።»

ከአንድ ወር በኋላ ማሽኑ ተነሳ። ገመቹ ግንድ እያቀረበ፣ ሽብልቁ እየሄደና እየተመለሰ፣ ጠንካራውን ባሕር ዛፍ እንደ ዳቦ ገመሰው። ወገቡ የተያዘው ሰው ሥራውን አገኘ፣ ምድጃው በየቀኑ መንደድ ጀመረ። እትዬ አስካለ ትኩስ ዳቦ በሰፌድ አምጥተው ግቢያችን ውስጥ ላለው ሁሉ አደሉ። ጋሼ ፈይሳ የእሳቸውን ቆመው በሉ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሟቿ። አንጓ የበዛበት ግንድ በመጣ ቁጥር ጠቅ ትላለች። ጋሼ ፈይሳ ዳሪሙ ውስጥ የቆመ ወፍጮ ለማየት ሲነሱ አሥራ ሁለት ፒን ትተውልን፣ «ሲያልቁ ሥራ አቁሙ፣ እኔ እመጣለሁ» ብለው በእግር መንገድ ጀመሩ። ሳምንቱ የበዓል ሳምንት ነው። ትእዛዙ ተከምሯል። አሥራ ሁለቱ ፒን በሁለት ቀን አለቀ።

ሌላ ለስላሳ ፒን ማውጣት ለእኔ የደቂቃዎች ሥራ ነበር። ይህን ሁልጊዜ ለራሴ እናገራለሁ፣ ማመካኛ እንዳላበጅ። ብረቱም፣ መብራቱም፣ ቶርኖውም ነበረ። ያልነበረው ትዕግሥት ነው። ሊሰበር የሚሠራ ነገር ስንት ጊዜ እሠራለሁ ብዬ ተናደድኩ። ከከባድ መኪና አክስል ቁራጭ ወስጄ፣ ወገቧን ሳልጎደጉድ፣ እንዳለች ድፍን አድርጌ አንድ ፒን አወጣሁ። መቁረጫዬን ሁለት ጊዜ አዶለዶመችው።

አልተሰበረችም። አንጓውንም፣ ወይራውንም፣ የመጣውን ሁሉ ገመሰችው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። «ይቺስ ወንድ ናት!» አለ ገመቹ። እትዬ አስካለ ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም ጋሼ ፈይሳ ሲመጡ የምላቸውን እየተለማመድኩ ነበር።

የመጡት በበዓሉ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ነው። ማሽኑ ገና አልታያቸውም፤ ከመንገድ ላይ ድምፁን ሰምተው ነው የሮጡት። እሳቸውን ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ገብተው ሞተሩን አጠፉ። ፒኗን በመዶሻ መትተው አወጡ፤ ትኩስ ስለነበረች በባርኔጣቸው ነው የያዟት። አገላብጠው አዩዋት፤ ወገብ እንደሌላት አዩ። ቀጥ ያለውን የብረት ማስመሪያ ከኪሳቸው አውጥተው ክንዱ ላይ አጋደሙ።

«ነይ። በሥሩ ምን ይታይሻል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ብርሃን።»

«ክንዱ መጉበጥ ጀምሯል። ፒኗ አልሞትም ስላለች ተራው ለክንዱ ደርሶታል። ከክንዱ ቀጥሎስ የማን ነው?»

ቀና ስል ገመቹን አየሁት። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግንዱን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሟል። እጆቹ ከሽብልቁ አንድ ክንድ አይርቁም።

«ጋሼ ፈይሳ፣ በእናትዎ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ነገ እኮ በዓል ነው! የሰው ዳቦ ነው የያዝኩት። ዛሬን ብቻ ይሥራልኝ!»

«እትዬ፣ ዳቦው ይደርሳል» አሉና ኮታቸውን አወለቁ። «መጥረቢያውን አምጡ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በዝናብ ውስጥ እንጨት ፈለጥን። እኚያ ሽማግሌ ይፈልጣሉ፣ እኔ እፈልጣለሁ፣ ገመቹ ተቀምጦ እያነባበረ ያቀብላል። እጄ ውኃ ቋጠረ። አንዴ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም፤ አንድ የቁጣ ቃልም አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ምን ያህል በቀለለኝ! ዳቦው ዘግይቶ ወጣ፣ ግን ወጣ። ፒኗን ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሲከቷት አየሁ። ከበዓሉ በኋላ አዲስ ክንድ ሠራን። ስለዚያች ፒን ግን አንድም ቀን አላነሱም።

ዝምታቸውን እንዲህ ተረጎምኩት፦ ተስፋ ቆርጠውብኛል። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ መልሰው ሲለኩ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ሁለት ዓመት ሠርቼ ቡሬ ወጣሁ። ቤቴን ስከፍት መጥተው፣ ቆመው መርቀውኝ ሄዱ። ያኔም ልጠይቃቸው ፈልጌ አፈርኩ። ነገ ዛሬ ስል ዓመታት አለፉ። አሁን ደግሞ የምጠይቀው ሰው የለም። ሚኒባሱ ውስጥ ያቁነጠነጠኝ ይኸው ነበር።

ሁሩሙ ስደርስ ገበያ ነበር። ኦቦ ዱጋሳ በግራ እጃቸው አቅፈው ሳሙኝ። ባለቤታቸው ያችኑ በርጩማ አምጥተው በሩ አጠገብ አስቀመጡ። አልፌ ገባሁ። የተሰበረችውን አውጥቼ አዲሷን ሰካሁ፣ ማሽኑን አስነሳሁ፣ አዳመጥኩ። ደህና ነው። የተረፉትን ዘጠኝ ፒኖች ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀልኩላቸው።

ኦቦ ዱጋሳ ከመደርደሪያው አንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አወረዱና ከፈቱ። ውስጧ ሁለት ፒን ነበረ።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?»

ወገብ የላትም። ጫፏ ላይ የደነዘው መቁረጫዬ የተወው ጭረት አለ። «የኔ ናት።»

«ይቺኛዋስ?»

የዛገች፣ እሷም ወገብ የሌላት ድፍን ብረት። «አላውቃትም።»

«እሷ የፈይሳ ናት» አሉ። ከዚያ የተቆረጠውን ክንዳቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ። «እንዲህ ያደረገችኝ እሷ ናት።»

ኦቦ ዱጋሳ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው ነው የነገሩኝ። ሁለቱም ገና ጎልማሶች ሳሉ ነው። ፒን በየቀኑ እየተሰበረ ያስቸገራቸው ጊዜ ነበር። «የማይሰበር ሥራልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «እሱም ሠራልኝ። አንድ ቀን እጅጌዬ ተያዘ። ያቺ የዱሮዋ ብትሆን ኖሮ ተሰብራ ማሽኑ ይቆም ነበር። እሷ ግን እንቢ አለች።»

«እና በየቅዳሜው የሚመጡት...»

«ልጆቼ ተወልደው እስኪዳሩ አልቀረም። እኔ ቂም የለኝም፣ ስንቴ ነገርኩት! ይመጣል፣ ያያል፣ ቆሞ ይሄዳል። በዚህ ቤት አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ከበዓል በኋላ፣ ያንቺን ፒን ይዞ መጣ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አኖራትና፣ 'ዱጋሳ፣ ይቺ ሰው ሳትነካ ተያዘች' አለኝ። 'ልጅቷ እኔ ያጠፋሁትን ነው ያጠፋችው፤ ለሷ ግን ደረስኩላት።' ከዚያ በርጩማዋን ራሱ ስቦ ተቀመጠ።»

«ተቀመጡ?»

«ተቀመጠ! ገንፎ በላ። ደገመ። ባለቤቴ ማመን አቅቷት ከጓዳ እየወጣች ታየው ነበር። መኪናው ሄደበት፣ እዚሁ አደረ።»

ፒኔን ከቆርቆሮዋ አንስቼ ያዝኳት። ስንት ዓመት ያፈርኩባት፣ ጋሼ ፈይሳ ባያገኟት ብዬ ስንቴ የተመኘሁባት ፒን ናት። እኒያን ሰው ያስቀመጠች እሷ ኖራለች። አልቅሼ ስጨርስ አፍንጫዬን ግራሶ በነካው እጅጌዬ ጠረግሁ። ኦቦ ዱጋሳ ቆርቆሮዋን ከድነው ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ ቁጭ በይ፣ ሰብሊ። ምሳ ደርሷል።»

«አይ፣ መኪና ያመልጠኛል» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የማን እንደሆነ ሰማሁት። ኦቦ ዱጋሳም ሰሙት፤ ፈገግ ብለው በርጩማዋን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። ዝቅ ያለች በርጩማ ናት፣ ስቀመጥባት ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከውጭ ረዳቱ «መቱ! መቱ! የቀረ!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። አልተነሳሁም።